ከሱሉልታ የተመለሰው ፋጉሎ

ጠጅቱ ከሱሉልታ ድረስ በአይሱዙ አስጭና ያመጣችውን ፋጉሎ ሰበታ ባለው የዘይት ፋብሪካ በር ላይ ዝርግፍ አደረገችው። ጆንያውን በቢላ ትቀደዋለች፣ በእግሯ ትገፋዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ወደሚቀጥለው ትዞራለች። የጥበቃው ጃራ ነገሩን ለማብረድ ብሎ "አካም ጂርቱ፣ ነጋ?" ቢላት፣ "የምን ነጋ! ሰላም የታለ!" ብላ አንባረቀችበት። "የእኔ ላሞች የጭነት መኪና ናቸው እንዴ፣ የሞተር ዘይት የምታጠጧቸው?"

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ክው አለ። ጠጅቱ ዝም ብላ የምትጮህ ሴት አይደለችም። የሱሉልታ ወተት አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ፋብሪካው የኑጉንና የአኩሪ አተሩን ዘይት ካወጣ በኋላ የሚተርፈውን ፋጉሎ አብልጦ የሚገዛውም ይኸው ማኅበር ነው። ነገሩ ሲጣራ፣ ወተታቸውን የሚረከበው ድርጅት የላሞቹን መኖ አስመርምሮ ኖሯል። የተገኘው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የማሽን ዘይት! ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው፣ ሞተር የሚጠጣው ዓይነት። ከፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ ሕፃን አፍ ሊሻገር ይችላል ብለዋቸው፣ መኖው እስኪስተካከል ወተቱን አንረከብም ብለው በሩን ዘግተውባቸዋል። ጠጅቱ የታለበውን ወተት የት ልድፋው ብላ ነው እያለቀሰችም እየተሳደበችም የመጣችው።

የፋጉሎ መጋዘን ኃላፊዋ ብዙነሽ በሯ ላይ ቆማ፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሰማች። "በኢየሱስ ስም!" አለች። "ከእኔ መጋዘን የወጣ ነው?"

ከእሷ መጋዘን የወጣ ነበር።

ስለ ብዙነሽ ትንሽ ላውራ፤ ሳያውቁ የሚፈርዱባት ስላሉ። ብዙነሽ የሆሳዕና ገጠር ልጅ ናት። ከባሏ ጋር ሥራ ፍለጋ ሰበታ ስትገባ አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ኦሮምኛ ጭራሽ የማትሰማ ነበረች። ዛሬ በሁለቱም ትነግዳለች፣ በሁለቱም ትሳደባለች፤ ጸሎት ሲሆን ግን ወደ ሃዲይኛዋ ትመለሳለች። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ቶሎ ሞተባት። ትቶላት የሄደው ፉሪ ዳገት ላይ የሠራላትን የጭቃ ቤት ነበር። ያንን ደግሞ ምስጥ በላው። በላው ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ ከውጭ ሲያዩት ቤት፣ ማገሩን ሲነኩት ዱቄት። አንድ የክረምት ማለዳ፣ ብዙነሽ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች፣ ምሰሶው እጁን ሰጠና ጣሪያው እንዳለ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ውስጥ ብትሆን ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙነሽ ሰይጣንን ስትረግም ምስጥን አብራ ትረግማለች።

ፋብሪካው ውስጥ ከጽዳት ጀምራ ነው መጋዘን ኃላፊነት ላይ የደረሰችው። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ግን ፋጉሎው ቆርቆሮውን ነክቶ እንዳይሻግት ከወለሉ እስከ ሰው ቁመት በጣውላ ተለብጧል። ከማሽኑ ትኩሱን የሚወጣው ፋጉሎ ጣውላው ላይ ተደግፎ ይከመራል፣ እስኪበርድ ያድራል፣ ከዚያ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ብዙነሽ ያንን መጋዘን ከቤቷ አብልጣ ነው የምትይዘው። ወዛደሮቹ "የብዙነሽ መጋዘን ውስጥ አይጥ እንኳ ብትገባ ይቅርታ ጠይቃ ነው የምትወጣው" እያሉ ይስቁባት ነበር።

ልጅ አልወለደችም። እስራኤል ግን አላት። እስራኤል የቀዬዋ ልጅ ነው፤ አንድ ቦርሳ ይዞ ሰበታ ሲወርድ ያሳደረችው እሷ፣ የሠራተኞቹን አለቃ፣ ካፖውን፣ ለምና ሥራ ያስገባችው እሷ። "ጌታ ከሆዴ ባይሰጠኝ ከአውቶቡስ አወረደልኝ" ትላለች ስለሱ። ሥራው የማሽኖቹን ካቴናና ኩሽኔታ እንዳይፋጩ ግራሶ ማጠጣት ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሰላምታውን እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። አሁን ደግሞ ቡራዩ ላይ ኤልሳቤት የምትባል ልጅ ወድዶ፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀኑ ተቆርጧል። በእናቱ ቦታ የምትቀመጠው ብዙነሽ ናት። ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች።

ታዲያ ይሄ የጠጅቱ መዓት የወረደው በዚህ መሃል ነው።

ምርመራውን የያዘችው የፋብሪካው ኬሚስት ትህትና ናት። ትህትና መጀመሪያ የጠረጠረችው ማሽኑን ነው። ፍሬው ተጨምቆ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም፤ የቀረውን ሄክሳን የሚሉት፣ እንደ ቤንዚን ብን ብሎ የሚጠፋ ፈሳሽ አጥቦ ያወጣዋል። የሄክሳኑ ትነት ወደ ሰማይ እንዳይባክን የሚያጠምደው ማማ አለ፤ ማማው ውስጥ የሚዞረው ደግሞ ነጭ የማዕድን ዘይት ነው። "ይሄ ዘይት ከሄክሳኑ ጋር ሾልኮ ፋጉሎው ውስጥ እየገባ ይሆናል" ብላ ሙቀቱን አስተካከለች፣ የሚያፈሰውን አስጠገነች። እንደገና ሲመረመር ዘይቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ቀጥላ ግራሶውን ለምግብ ማሽን በተሠራ ግራሶ አስለወጠች። አሁንም ቀነሰ፤ አሁንም አልጠፋም። ሱሉልታም "እስኪጠፋ አንገዛም" አለ።

ሰው እንግዲህ ምክንያት ሲያጣ ሰው ይፈልጋል። "እስራኤል አዲሱን ግራሶ ተቀብሎ እየሸጠ አሮጌውን ይቀባል" የሚል ወሬ ተነሳ። ማን እንዳስነሳው ዛሬም አይታወቅም፤ ወሬ አባት የለውም። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ሞቱማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከላይ ባለቤቶቹ፣ ከታች ጠጅቱ ወጥረዋቸዋል። እስራኤልን አስጠርተው፣ "ወይ ታስረዳለህ፣ ወይ ዓርብ ትሰናበታለህ" አሉት። እስራኤል አላስረዳም። ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

ብዙነሽ ይህን ስትሰማ እንደ እብድ ሆነች። ከሥራ መባረሩ አይደለም ያሳበዳት፤ ሥራ ይገኛል። የሕፃናት ወተት የበከለ ተብሎ ለሚወጣ ልጅ ግን ቡራዩ ውስጥ ማን ሴት ልጁን ይሰጠዋል? ቢሮ ድረስ ገባች፣ በሩን ሳታንኳኳ።

"ኦቦ ሞቱማ! እስከዛሬ ናሙና የምትወስዱት ከየት ነው? ከጆንያ! ጆንያ ደግሞ ስንት እጅ ነው የሚነካው? ልጄ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ከማሽኑ አፍ ይውሰዱ! እሱ ግራሶ ከሚያጠጣው ማሽን፣ ትኩሱን! ቆሽሾ ከተገኘ እኔንም አብረው ያባሩኝ!"

ትህትና ቀና ብላ አየቻት። "እትዬ ብዙነሽ እውነታቸውን ነው" አለች። "መጀመሪያውኑ እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ።"

ብዙነሽ ድል አድርጋ ልትወጣ ስትል እስራኤል በር ላይ ክንዷን ያዛት። ፊቱ አመድ መስሏል። "እትዬ፣ ይተዉት" አላት በሹክሹክታ። "ይቅር። ከማሽኑ አይውሰዱ ይበሏቸው። እኔ እወጣለሁ፣ ነገሩ በዚሁ ይለቅ።"

ብዙነሽ ድርቅ ብላ ቀረች። አየችው፣ አየችው። ያላደረገ ሰው ለምን ምርመራ ይፈራል?

"አንተ ነህ?" አለችው። "እውነት አንተ ነህ?"

እስራኤል ቆቡን ማሻሸት ያዘ።

"ተናገር እንጂ! አፍ የለህም?"

"ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ" አለና መሬት መሬት አየ።

"እግዚኦ! እባብ በጉያዬ ይዤ ኖሬያለሁ!" አለችው። ሌላም ብዙ አለችው፤ የማይደገም። እጁን ከክንዷ ላይ ወርውራ ሄደች። ቤቷ ገብታ ያሰፋችውን ቀሚስ ከግድግዳው አውርዳ ጠቅልላ አልጋ ሥር ወረወረችው። እንደዚያ ቀን ክፉ ቀን አልዋለችም፤ ባሏን የቀበረች ዕለት እንኳ የምታዝነው ለሞተ ሰው ነበር።

ናሙናው ከማሽኑ አፍም፣ ከክምሩ መሃልም፣ ከክምሩ ዳርም ተወስዶ አዲስ አበባ ሄደ። ውጤቱን የያዘችው ትህትና በቀጥታ ወደ ቢሮ አልሄደችም። ወደ መጋዘኑ ነው የመጣችው።

"እትዬ፣ ልጅዎ ነፃ ነው" አለች። "ከማሽኑ ሲወጣ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ክምሩ መሃል ጥቂት አለ። ዳር ዳሩን፣ ጣውላው አጠገብ ያለው ግን... እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

ብዙነሽ "እልል!" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ትህትና ከኪሷ ሶፍት አወጣች፤ ገና ትኩስ ክምር ከተነሳለት ጣውላ ላይ ጫን አድርጋ ጠረገችው። ሶፍቱ ጥቁር ቡናማ ሆነ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቃጠሎ ነዋ!" አለች ብዙነሽ። እንዲያውም በኩራት ነው ያለችው።

ቃጠሎ ማለት ከሞተር ተቀድቶ የወጣ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ዘይት ነው። በእኛ አገር ክረምት ሊገባ ሲል አጥር ያለው አጥሩን፣ ምሰሶ ያለው ምሰሶውን ቃጠሎ ይቀባል፤ ምስጥ ዝር አይልበትም። ብዙነሽ ቤቷ ከወደቀባት ወዲህ ያልቀባችው እንጨት የለም። የመጋዘኑንም ጣውላ በየዓመቱ፣ የጄነሬተሩ ዘይት ሲቀየር እየጠበቀች፣ በመጥረጊያ ጫፍ አንዴ ትቀባዋለች፣ እንጨቱ ሲመጠው ትደግመዋለች። ማንም አላዘዛትም። ማንም አልከፈላትም። ፋብሪካውን ከምስጥ ልታድን ነው።

"ትኩስ ፋጉሎ ሲደገፈው ጣውላው ይሞቃል" አለች ትህትና፣ ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር። "ሲሞቅ ዘይቱን ያልበዋል። ያላበውን ፋጉሎው ይጠጣዋል።"

ብዙነሽ ሶፍቱን አየች። ጣውላውን አየች። እጇን አየች። ከዚያ ክምሩ ላይ ዘፍ አለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? በሰው ፊት የጮኸችው፣ "ከማሽኑ አፍ ውሰዱ" ያለችው፣ ልጁን የረገመችው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። የሱሉልታ ጥጆች፣ ወተቱን የጠጡ የማታውቃቸው ልጆች። "እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ እኮ። በገዛ እጄ።" ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም፤ ድንጋጤው እንባዋን ቀድሞ አደረቀው።

ትህትና "እኔ ልንገርላቸው" ብትላት እምቢ አለች። በእግሯ ሄደች፤ አሁንም ሳታንኳኳ ገባች።

"ኦቦ ሞቱማ፣ እስራኤልን ይተዉት። የበከልኩት እኔ ነኝ። ጣውላውን ቃጠሎ ቀብቼ።"

ኦቦ ሞቱማ ከወንበራቸው ተነሱ፣ መልሰው ተቀመጡ። አምና ከባለቤቶቹ ጋር መጋዘኑን ሲጎበኙ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ ጣውላ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ሌሎቹ መጋዘን ኃላፊዎች ከብዙነሽ ተማሩ!" ያሉት እሳቸው ነበሩ። ቀቢውንም ቅቡንም አመስግነዋል። አሁን ያንኑ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። "ዋቃ ኮ!" አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። "እኔም እኮ እቤቴ ቀብቼበታለሁ።" ከዚያ ጣውላው ሁሉ እንዲነቀል፣ በምትኩ የሲሚንቶ ግድግዳ እንዲሠራ አዘዙ። ብዙነሽን አላባረሯትም፤ አላጽናኗትምም።

እስራኤልን ያገኘችው ከማሽኑ ጀርባ፣ ካቴና ሲያጸዳ ነው። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አላት። ቃጠሎውን ከጄነሬተሩ በጀሪካን ቀድቶ የሚሰጣት እሱ አይደል? ግራሶው ተለውጦም ዘይቱ አልጠፋ ሲል ነው የገባው።

"ታዲያ ምነው አልተናገርክ! ምነው እንደዚያ ስሰድብህ!"

"እኔ ብባረር ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ፣ እትዬ" አለ እስራኤል፣ ካቴናውን እያየ። "እርስዎን በዚህ ዕድሜዎ ማን ይቀጥርዎታል?"

ብዙነሽ መጀመሪያ ትከሻውን በጡጫ መታችው። ደገመችው። ከዚያ እዚያው፣ ግራሶ በጠጣው ቱታው ላይ ግንባሯን ጥላ፣ ያ የደረቀ እንባዋ መጣ። "ሌባ መስለኸኝ ነበር እኮ" ትለዋለች፣ "ሌባ መስለኸኝ!" እሱም "ይሁን፣ ይሁን" ይላታል።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ወሬው ግን ቀድሞ ቡራዩ ገብቷል።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ለሽምግልና ሲሄዱ፣ ቃሉን የያዙት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ሀሰኖ ነበሩ። ብዙነሽ ያንን ቀሚስ ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ ተኩሳ ለብሳለች። የልጅቷ አባት ኦቦ ቀጄላ አገሩ ላይ ተወልደው አገሩ ላይ ያረጁ ገበሬ ናቸው። በወጉ ተቀበሉ፣ በወጉ አስቀመጡ። አቶ ሀሰኖ "ልጃችን ጨዋ፣ ጌታን የሚፈራ፣ ነውር የሌለበት..." ብለው ገና ሲጀምሩ ኦቦ ቀጄላ እጃቸውን አነሱ።

"ሽማግሌ፣ ይቅርታ። የላም መኖ መርዞ ሊባረር ነው የተባለው ይሄ ልጃችሁ አይደለም? እኔም ላም አለኝ። ልጄንም በላም ወተት ነው ያሳደግኳት።"

አቶ ሀሰኖ ላብ አጠመቃቸው። "የሰው ወሬ ነው፣ ጠላት..." እያሉ ማለባበስ ያዙ። በዚያ ወግ ደግሞ የወንድ ወገን ሆኖ የሄደ ሰው ልጁን ያወድሳል እንጂ ጉድ አያወጣም። ብዙነሽ ግን ብድግ አለች።

"ወሬ አይደለም፣ ኦቦ ቀጄላ። መኖው ተበክሏል። የበከልኩት እኔ ነኝ።"

አቶ ሀሰኖ ቀሚሷን ጎተቱ፤ አልሰማቻቸውም። አንድ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስለ ጣውላው፣ ስለ ሶፍቱ፣ ልጁን በር ላይ ስለተናገረችው ክፉ ቃል፣ እሱም ከማሽኑ ጀርባ ስለመለሰላት ቃል። "ነውር የለበትም የተባለው ውሸት ነው" አለች በመጨረሻ። "ነውር አለበት። ለራሱ አይናገርም። የሰው ጥፋት ተሸክሞ ዝም ይላል። ልጅዎን ሲሰጡት ይህን አውቀው ይስጡት። እኔን ግን ከዚህ ቤት ውጪ ካላችሁኝ ትክክል ናችሁ፣ እወጣለሁ።"

ማንም አላስወጣትም። ኦቦ ቀጄላ እሷን እያዩ አልነበረም፤ በተከፈተው በር ወደ ጓሮ ነበር የሚያዩት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ሁሉም አየ።

"ቃጠሎ ነው ያልሽው?" አሉ።

"አዎ።"

"ለምስጥ የሚቀባው? ያው ሁላችንም የምንቀባው?"

"እሱው።"

ኦቦ ቀጄላ እንደ ወጣት ተስፈንጥረው ተነሱ። "ዱርሲቱ!" ብለው በሚስታቸው ስም ጮኹ። "ዱርሲቱ! ላሚቱን ከግርግሙ ፍቻት! ፍቻት አሁኑኑ!"

ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ከጓዳ ኤልሳቤት፣ ሁሉም ተግተልትሎ ወጣ። በረቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ግርግሙ ከጣውላ የተሠራ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ምስጥ ያልነካው፣ ያማረ ግርግም። ላሚቱ ድርቆሹን ጨርሳ ጣውላውን በረጅሙ ምላሷ እየላሰች ነበር።

ዱርሲቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቀረች። ኤልሳቤት ያንን ጣውላ አይታ፣ ከዚያ አባቷን አየች፤ በዚያች ላምና በላሚቱ እናት ወተት ነው ያደገችው። ኦቦ ቀጄላ ገመዱን በራሳቸው እጅ ፈቱ። ላሚቱን ወደ ሣሩ ከመሯት በኋላ፣ ግርግሙን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩት። ከዚያ ወደ ብዙነሽ ዞሩ።

"ያ ልጅ መዶሻ አለው?"

"አለው" አለች ብዙነሽ፣ ነገሩ ሳይገባት።

"እንግዲያው ቅዳሜ ይዞት ይምጣ። ይሄን ግርግም አብረን እንነቅለዋለን።" ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "ምላሱንም ይዞ ይምጣ በይው። እዚህ ቤት ክፉ ነገር አይቶ ዝም የሚል አማች አልፈልግም።"